ብር የቀባሁት በትረ መንግሥት

ጎፋ ውስጥ ዙፋን ያለኝ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ነገሩ ከመንግሥት ጋር ሳያጣላኝ ቶሎ ላስረዳ፤ ዙፋኑ የፎቶ ቤቴ ዕቃ ነው። ቀይ ከፋይ የለበሰ ትልቅ ወንበር ነው። አናጺውን እግሮቹን የአንበሳ መዳፍ አስመስልልኝ ብዬው ነበር፤ እሱ ግን በሕይወቱ በቅርብ ያየው እንስሳ ዶሮ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፣ ዙፋኔ በዶሮ እግር ቆሟል።

ዙፋን ያሠራሁት ጥጋብ ይዞኝ አይደለም። ዛሬ ሁሉም ሰው ካሜራውን በኪሱ ይዞ ይዞራል። ጥርሱን እየፋቀ ራሱን ያነሣል፣ ወጥ ከመብላቱ በፊት ወጡን ያነሣል። እኔ በር ላይ ቆሜ መንገደኛ ስቆጥር ከረምኩና አንድ ቀን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ስልክ ሁሉም ነገር አለው፤ ዙፋን ግን የለውም። ወንበሩን አሠራሁ፣ ካባ አሰፋሁ፣ የካርቶን ዘውድ ቆርጬ አጣበቅኩ፣ በመጨረሻ በትረ መንግሥት ጨመርኩ። ሚስቴ ትዕግሥት ዞር ዞር ብላ አየችውና፣ "እንግዲህ የቀረህ ሕዝብ ብቻ ነው" አለችኝ። ሕዝቡም መጣ። ሙሽራ ይነግሣል፤ አንድ ዓመት የሞላው ሕፃን ይነግሣል፤ ተመራቂ ደግሞ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ እኔ ጋ ይነግሣል።

ጣጣዬን ያመጣው በትሩ ነው። ዘንጉን የሰፈራችን በያጅ ከቧንቧ ቆርጦ ሠራልኝ። ጫፉ ላይ የተቀመጠው ክብ ጉልላት የአሮጌ ናስ አልጋ ራስጌ ላይ የነበረ ነው። ሁሉንም ወርቅማ ቀለም ቀባሁት፤ መጀመሪያ ሰሞን ዓይን ይወጋ ነበር። ግን የነገሠ ሁሉ ይጨብጠዋል፤ የተጨበጠ ነገር ደግሞ ይላጣል። ባለፈው ክረምት አንዲት ተመራቂ ዙፋኑ ላይ ተቀምጣ በትሩን ስሰጣት አገላብጣ አየችው።

"ጋሼ፣ ይሄ የመጋረጃ ዘንግ አይደል እንዴ?"

ልጅቷ ክፋት የላትም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ አላርፍ አለ። ምሳ ስበላ በትሩ፣ ከሰው ጋር ሳወራ በትሩ። እንደገና ቀለም እንዳልቀባው፣ ቀለም ሲላጥ አይቻለሁ። የማይላጥ ነገር ነበር የምፈልገው።

ነፋስ ስልክ አሮጌ መስታወት የሚያድስ ጋሽ ሽፈራው የሚባል ወዳጅ አለኝ። ጀርባው የተላጠ፣ ሰው ሲያይበት ለምጽ የያዘው የሚመስል መስታወት ይዘህ ሂድ፤ አዲስ አድርጎ ይሰጥሃል። አንድ ቀን የፎቶ ቤቴን መስታወት ላሳድስ ሄጄ ሲሠራ ቆሜ አየሁት። መስታወቱን ጠርጎ አስተኛው። ከሁለት ጠርሙስ እንደ ውሃ የጠራ ነገር ቀላቅሎ አፈሰሰበት። ጥቂት ቆይቶ ፈሳሹ ጠቆረ፣ ከዚያ አመድ መሰለ፣ ከዚያ ብር ሆነ። የመስታወቱን ፊት ሲያዞረው ደንዝዤ አፌን ከፍቼ የቆምኩትን ራሴን ከውስጡ አየሁ።

"ጋሽ ሽፈራው፣ ይሄ ነገር ናስ ላይ ይይዛል?"

"እኔ የማውቀው መስታወት ነው። ናስ ላይ ይይዛል ሲሉ ሰምቻለሁ።"

ለመንኩት። እምቢ አለኝ። ሲመሽ አልሄድ ስል፣ ሱቁን መዝጋት ስላለበት ብቻ፣ በሁለት ትንንሽ የሽሮፕ ጠርሙስ ቀዳልኝ። ሲሰጠኝ ጣቱን አነሣ።

"ስትቀባ እጅህ ላይ ጓንት አድርግ። ስትጨርስ ደግሞ በብዙ ውሃ እጠበው። ደጋግመህ። ሰማኸኝ?"

ሰምቼዋለሁ። መስማት ላይ ችግር ኖሮብኝ አያውቅም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ ሥራ ጀመርኩ። ትዕግሥት ፀጉሯን ስትቀባ የምታደርገውን የላስቲክ ጓንት አጠለቅኩ። ጉልላቱ ላይ የቀረውን ቀለም ፍቄ አነሣሁ፤ ፈሳሹን ቀላቅዬ በጥጥ ቀባሁት። ቀባሁት፣ ጠበቅኩት፣ ደገምኩት። ያ የአልጋ ጉልላት ቀስ እያለ ነጣ፤ ከዚያ አበራ። ክፍሉ ሁሉ፣ ዙፋኑም፣ ግድግዳው ላይ የተሳለው ፏፏቴም፣ እኔም ጎብጠን ውስጡ ታየን። ቀረኝ የምለው ማጠብ ብቻ ነበር።

ቧንቧውን ከፈትኩት። ነፋስ ለቀቀብኝ። ለካስ የሰፈራችን ውሃ ተራ አልደረሰም። ቤት ሄጄ ትዕግሥትን ጀሪካኑን ጠየቅኳት።

"ለምን?"

"በትሩን ላጥብ።"

"ይሄ የነገ ምሳ ነው፣ ይሄ የልጆች ፊት ነው፣ ይሄ የሽንት ቤት ነው። ለአልጋ ብረት የሚፈስ ውሃ የለኝም።"

እሷ ትክክል ናት። ውሃ በተራ በሚመጣበት ቤት ጀሪካን የሚያስተዳድር ሰው የገንዘብ ሚኒስትር ነው፤ በጀት አልተያዘልህም ካለህ አልተያዘልህም። ተመለስኩና በትሩን በአሮጌ ካናቴራ ጥርግርግ አደረግኩት። መጥረግ የማጠብ ታናሽ ወንድም ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ራሴን ማሳመን ደግሞ ከባድ ሆኖብኝ አያውቅም፤ ተቃዋሚ የለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ የገባው ሚኪ ነው። የሰፈር ልጅ ነው፤ በማግስቱ እሑድ ሠርጉ ነበር። ለሠርጉ አዳራሽ መግቢያ የሚለጠፍ የንግሥና ፎቶ ፈልጎ ነው የመጣው። ጭንቀት ይሁን ደስታ እንጃ እጁ ላብ በላብ ነበር። የበትሩን ጉልላት በቀኝ እጁ ጨምቆ ይዞ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ተቀየረ እንዴ? ዝንጥ ብሏል እኮ" አለኝ። ደረቴን ነፋሁ።

ቀጥሎ አባባ ወልዴ መጡ። ጡረተኛ ናቸው፤ ሰፈሩ ውስጥ ሳይቀብሩት የቀረ ሰው ቢኖር ገና ያልሞተ ብቻ ነው። ብዙ ለቅሶ ሲደርሱ አንድ ነገር አሳስቧቸዋል።

"ሰው ሲሞት መታወቂያው ላይ ያለችውን ፎቶ አሳድገው ድንኳን ውስጥ ይሰቅሏታል። በመታወቂያ ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው ሌባ ይመስላል። እኔ ልጆቼን አላምንም። አሁን በቁሜ ደህና አድርገህ አንሣኝ።"

ካባውን አለበስኳቸው። በትሩን እንደ ምርኩዝ በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ የራሳቸውን ቀብር ከሩቅ የሚያዩ መስለው ተነሡ። የዚያን ዕለት ከሠራሁት ሁሉ እሱን የሚያክል ፎቶ የለም።

ሦስተኛዋ አስቴር የምትባል ወጣት እናት ናት። ከለቡ ነው የመጣችው፤ ልጇ ኢዮኤል የዚያን ዕለት አንድ ዓመት ሞልቶት ነበር። ነጭ ሱፍ በነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ዙፋኑ ላይ ሳስቀምጠው አገር ይያዝልኝ አለ። ፉጨት ሞከርኩ፣ እንደ ዶሮ ጮኽኩለት፣ የቁልፍ ዘለላ አንቀጫቀጭኩለት። በመጨረሻ በትሩን በዘንጉ ይዤ ሳቀርብለት ዝም አለ። ጉልላቱን በሁለት እጁ አቅፎ ውስጡ ያለውን ሕፃን ተመለከተ። አነሣሁ፤ አነሣሁ፤ አነሣሁ። አስቴር ደስ ብሏት፣ "ስምንት ሰዓት ላይ ቤት ልደቱን እናከብራለን፤ ፎቶውን እስከዚያ በቴሌግራም ይልኩልኛል?" አለችኝ። ላኩላት። ሄደች። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ፀሐይ ሞቅኩ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሚኪ ተመልሶ መጣ። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሳይህ፣ ግን ለሰው እንዳትናገር።"

እጁን አወጣ። መዳፉ ጥቁር ነው። የቆሸሸ እጅ አልነበረም፤ ቡናማና ጥቁር ሆኖ ቆዳው ውስጥ የገባ ነገር ነው። በሳሙና አጥቦታል፣ በሎሚ አጥቦታል፣ በቤንዚን አጥቦታል። ፀሐይ ላይ ሲወጣ ጭራሽ ባሰበት።

"እናቴ የድሮዋ ጓደኛዬ ቤተሰቦች መተት አሠርተውብህ ነው እያለች ነው። ጠበል ካልሄድክ ነገ ቀለበት አታደርግም ብላ በር ላይ ተኝታለች።"

"ምን ነክተህ ነው?" አልኩት። እስቲ አሁን ይሄ ከእኔ አፍ የሚወጣ ጥያቄ ነው?

ወዲያው አባባ ወልዴ ገቡ። እሳቸው ምንም አልተረበሹም። ሁለቱንም መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፤ ከከሰል አይለይም።

"ይኸውልህ፣ ሞት ከእግር ይጀምራል ሲሉ እሰማ ነበር፤ የእኔ ከእጅ ጀመረ። ፎቶዬን ቶሎ እጠብልኝ፤ ጊዜ ያለኝ አልመሰለኝም።"

ሁለቱ ጥቁር እጃቸውን ዘርግተው ፊት ለፊቴ ቆሙ። ዓይኔ ከመዳፋቸው ተነሥቶ ወደ በትሩ ሄደ፤ ከበትሩ ወደ መዳፋቸው ተመለሰ።  ኮምፒዩተሩ ጋ ሄጄ የኢዮኤልን ፎቶዎች ከፈትኩ። በመጀመሪያው ያለቅሳል። በሚቀጥለው ጉልላቱን አቅፏል። በሚቀጥለው አፍንጫውን አስጠግቷል። በሚቀጥለው አፉ ውስጥ ከቶታል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ እየላሰ ነው። እኔ ደግሞ በጥራት፣ በደህና ብርሃን አንሥቼዋለሁ።

ጋሽ ሽፈራው ጋ ደወልኩ።

"ጋሽ ሽፈራው፣ ያ የሰጠኸኝ ነገር መርዝ ነው?"

"አጥበኸዋል?"

"ጠርጌዋለሁ።"

ከስልኩ ውስጥ የነፋስ ስልክ መኪና ሁሉ ሲያልፍ ሰማሁ።

"ሕፃን ልጅ ልሶታል" አልኩት።

"መስታወት የላሰ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም፤ ምን እንደሚያደርግ እኔ እንጃ። አሁኑኑ ሐኪም ጋ ይሂድ። የተቀባውንም ዕቃ ይዘህ ሂድ። ምንድነው ካሉህ ሲልቨር ናይትሬት በላቸው።"

አስቴር ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሣም። ደገምኩ። አይነሣም። በትሩን ጠቅልዬ ትልቅ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ፤ ጓንቱን ማጥለቅ እንኳ አልረሳሁም። ሚኪና አባባ ወልዴን እዚያው ትቻቸው ወጣሁ። አባባ ወልዴ ከኋላዬ፣ "በሩን ማን ይዝጋው?" ሲሉ ይሰማኛል።

ለቡ የሚሄደው ታክሲ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል። ሁለት ሰው ማለት እንግዲህ ቀላል ይመስላል። ገባሁ፣ ወጣሁ፣ እንደገና ገባሁ። ረዳቱን "በእኔ ሒሳብ ይሂድ" አልኩት፤ ያን ጊዜ ብቻ ተንቀሳቀስን። ትንሽ ሄድን፣ ቆምን። መንገዱ ተቆፍሯል። ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን ሲያይ እኔ መስኮቱን እያየሁ "ሲልቨር ናይትሬት፣ ሲልቨር ናይትሬት" እላለሁ፤ እንዳልረሳው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጸሎት መስሏቸው አማተቡ። ቀጥሎ ደግሞ ከፌስታሉ ብቅ ያለውን ጉልላት አዩና እጃቸውን ሰደዱ።

"የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ነው ልጄ?"

"አይንኩት።" ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ። ታክሲው በሙሉ ዞረ። "መርዝ ነው" አልኩ፣ ለማረጋጋት።

ከኋላ የተቀመጠው ሰውዬ "ወራጅ አለ" አለ። ሌሎችም ተከተሉት። ያ ተሞልቶ የማያውቅ ታክሲ እንዲህ በፍጥነት ሲራገፍ አይቼ አላውቅም። ረዳቱ፣ "አባቴ፣ ቦንብ ከሆነ ከአሁኑ ንገረኝ" አለኝ፤ በትሩን አሳየሁትና ወደፊት ቀጠልን።

እዚያ ባዶ ታክሲ ውስጥ አንድ ሐሳብ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዝም ብልስ? ልጁ ምንም ላይሆን ይችላል። ሄጄ ብናገር ግን ዙፋኑም ፎቶ ቤቱም ያበቃላቸዋል፤ ምናልባት እኔም። አስቴር ጥቁሩን ብታይ ምን ታውቃለች? ከሰል ነካ ትላለች። ይህን ሐሳብ ለቡ ድረስ ተሸክሜው ሄድኩ። አልወረደም። እኔ ግን ወረድኩ።

ቤቱን አላውቀውም። አስቴር በወሬ መሐል "አዲሱ ሰፈር፣ ብሎኬት ማምረቻው ጀርባ" ብላለች። የባጃጁን ሾፌር፣ "ብሎኬት ማምረቻው ጀርባ፣ ፊኛ ያለበት ቤት" አልኩት። ለቡ ውስጥ ብሎኬት የማይመረትበት ቦታ የለም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ፊኛ ያልሰቀለ ቤት አይገኝም። መጀመሪያ ያገኘሁት ባለፊኛ ግቢ ዘው ብዬ ገባሁ። ቤት ምርቃት ነው። ስሜን ሳይጠይቁ ወንበር ሰጡኝ፤ ሰሐን ይዘውልኝ መጡ። "ሕፃኑስ?" አልኩ። "የቱ ሕፃን?" አሉኝ። ሰሐኑን መልሼ ስወጣ አንዲት ሴት፣ "ምግባችንን ንቆ ነው" ስትል ሰማሁ።

ሁለተኛው ቤት ትክክለኛው ነበር። በሩ ላይ የኢዮኤል ፎቶ ተለጥፏል፤ የላኩት ነው። ከውስጥ የድግስ ድምፅ ስለማይሰማ በሩን ገፋ አደረግኩት። ቤቱ ሰው በሰው ነው፤ ሁሉም ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ወደ ሕፃኑ ዘርግተው ይጸልያሉ። የጴንጤ ልደት ሄዳችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ኬክ የሚቆረሰው ልጁ እስከ ጋብቻው ድረስ ያለው ዘመን ሁሉ በጸሎት ከተሸፈነ በኋላ ነው። የሚጸልዩት ሽማግሌ ገና ትምህርት ቤት እያስገቡት ነበር። በዚያ ቤት ዓይኑን የገለጠው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔና ኢዮኤል። በአባቱ ክንድ ላይ ሆኖ ያየኛል። ከንፈሩ ዙሪያውን ጥቁር ነው፣ አገጩም፣ ሁለቱ እጆቹም።

መጠበቅ አቃተኝ። ሽማግሌው ዩኒቨርሲቲ ሲያስመርቁት፣ "አሜን" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ሁሉም "አሜን" አሉና ዓይናቸውን ገለጡ። ሽማግሌው እጃቸውን እንደ ዘረጉ ቀሩ።

"ፎቶ አንሺው መጣ" አለ አንድ ሰው፤ ጎረቤት መሰለኝ። "ጎሽ፣ በትሩንም ይዞት መጥቷል።"

አስቴር ፈገግ ብላ ወደ እኔ መጣች። "ጋሼ፣ እንኳን መጡ። ስልኬ ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ ጸሎት ላይ ስለሆንን..."

"ልጁ የበላው ነገር አለ?"

"ከኬኩ ጫፍ ክሬም ስናቀምሰው ተፋው። ምንም አልበላም ብሏል። አፉ ላይ ያለውን ጥቁር እናቴ ቸኮሌት ነው ትላለች፣ ግን ቸኮሌት አልሰጠነውም።"

ነገርኳት። እዚያው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ስለ ብሩ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ካናቴራው። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ባሏ ተስፋዬ በሩን የሚሞላ ወንድ ነው፤ ወደ እኔ ሲመጣ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ። አልፎኝ ሄደ። የጎረቤቱን የመኪና ቁልፍ ለምኖ ልጁን ለአስቴር ሰጣትና፣ "አንተም ግባ፤ ዕቃውንም ያዝ" አለኝ።

ክሊኒኩ ሩቅ አይደለም። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ድምፅዋ የማይቸኩል።

"የተቀባው ምንድነው?"

ከጎፋ እስከ ለቡ ስደግመው የመጣሁት ቃል እልም አለ። "ሲልቨር... ሲልቨር ናይት..." አልኩ። "ናይት ክለብ።"

ዶክተሯ ቀና ብላ አየችኝ። "ሲልቨር ናይትሬት ማለትዎ ነው?"

"እሱን።"

የልጁን አፍ ከፍታ በባትሪ አየች፤ ምላሱን፣ ድዱን፣ ጉሮሮውን። በውሃ አጠበችው። ሆዱን ጫን ጫን አደረገች። በትሩን ጓንት አድርጋ ከፌስታሉ አወጣች፣ አሸተተችው፣ አየችኝ፣ መለሰችው።

"ጥቁሩ አያስፈራችሁ። ቆዳ ላይ ገብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል፤ በሳሙና አይለቅም፣ ቆዳው ሲታደስ አብሮ ይሄዳል። እንዳትፈትጉት። እኔን የሚያሳስበኝ የዋጠው ነው። ብዙ ቢሆን ጉሮሮና ሆድ ያቃጥላል። የዋጠው ትንሽ ይመስለኛል፤ ምላሱ ትንሽ ከመቆጣቱ በቀር ቁስል አላየሁም። ግን ልጁ አልበላም ብሏል ብላችሁኛል። ይቆይና እንየው። ያለ ችግር ከዋጠ ትወስዱታላችሁ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ሰው የሚይዘውን ዕቃ ሲቀቡ፣ የሚልሰውም አለ ብለው ያስቡ።"

እንግዲህ ሁላችንም የአንድ ሕፃን አፍ እያየን ተቀመጥን። አስቴር ጡት ሰጠችው፤ ፊቱን አዞረ። ተስፋዬ ብስኩት ገዝቶ መጣ፤ ጨብጦ ጣለው። አያቱ በፔርሙዝ አጥሚት ላኩ፤ በማንኪያ ሲያስጠጉት ከንፈሩን ገጠመ። እኔ ኮሪደሩን ለካሁት፤ ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ። ነርሷ ሁለቴ "ይቀመጡ" አለችኝ፤ ሁለቴም ተቀምጬ ተነሣሁ። በትሩን ወስጄ የክሊኒኩ ግቢ ቧንቧ ላይ እስኪበቃው አጠብኩት። ውሃ ነበራቸው።

በዚህ መሐል ሚኪ ደወለ። "ጋሼ፣ እናቴ ጠበል ሊወስዱኝ ሰው ሰብስባለች፤ የሆነ ነገር በላት።" ስልኩን ለዶክተሯ ሰጠኋት። እሷም ለእናቱ ረጋ ብላ ድግምት እንዳልሆነ፣ ብር እንደሆነ፣ በሽታ እንደማያመጣ አስረዳች። ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ፣ "ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እማማ" አለች። እንደገና ሰማች። "አላገባሁም" አለች። ስልኩን ስትመልስልኝ፣ "ተስማምተዋል፤ ነገ ነጭ ጓንት ያደርጋል" አለችኝ።

አስቴር ይህን ሁሉ ስታይ ነበር። ልጁን ስታሻሽ የራሷ ጣቶችም ጠቁረዋል፤ ስታቅፈው አፉን ትከሻዋ ላይ ሲጠርግ ነጩ ቀሚሷም። ዓይኗ እኔ እጅ ላይ አረፈ።

"የእርስዎ እጅ እንዴት ሳይጠቁር ቀረ?"

ለመዋሸት ጊዜ አልነበረኝም። "ስቀባው ጓንት አድርጌ ነበር።"

አልጮኸችም። ብትጮኽብኝ እመርጥ ነበር። ራሷን ነቀነቀችና ልጁን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዞረችው።

"ባይመጡ እኮ እኛ አናውቅም ነበር" አለች በመጨረሻ። "ቀለም ነው ብለን ዝም እንል ነበር።"

"አውቃለሁ። ታክሲ ውስጥ አስቤበታለሁ።"

"እና?"

"እናማ፣ መጣሁ።"

ተስፋዬ ከመስኮቱ በኩል ዞሮ አየኝ። የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ መጠኔን ለካኝ፤ ምን ያህል እንዳገኘኝ አላውቅም። "ከጠዋት ጀምሮ ምግብ በልተሃል?" አለኝ። አልበላሁም። "ሂድና የሆነ ነገር ብላ። አንተ ደግሞ እዚህ እንዳትወድቅብን።"

ክሊኒኩ በር ላይ ሳምቡሳ የምትጠብስ ሴት ነበረች። በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ይዤ ተመለስኩ፤ ግን መብላት አቃተኝ። አስቴር አጠገብ ወንበር ላይ ሳምቡሳዬን ጨብጬ ተቀመጥኩ። ዶክተሯ ብቅ አለች። "ቀመሰ?" አለች። ተስፋዬ የተጣለውን ብስኩት ከወለሉ አንሥቶ አሳያት። ሰዓቷን አየች። "እንግዲህ ትልቅ ሆስፒታል እንዲያዩት ወረቀት ልጻፍላችሁ" ብላ እስክሪብቶ ስትፈልግ፣ አንድ ነገር እጄን ሳበኝ።

ኢዮኤል ነው። ከእናቱ ጭን ላይ ሰውነቱን ሰዶ፣ በዚያ ጥቁር እጁ ሳምቡሳዬን ይዞታል። እኔም አልለቀቅኩም፤ እሱም አልለቀቀም። "ይያዘው?" አልኩ፣ ዶክተሯን እያየሁ። እሷ እስክሪብቶዋን ይዛ ቆማለች። ለቀቅኩለት። ጫፉን አፉ ውስጥ ከተተ፣ በአራት ጥርሱ ገዘገዘ፣ አላመጠ፣ አሰበ። ሁላችንም አንገቱን ነው የምናየው። ዋጠ። እንደገና ገመጠ። ምስሩ አገጩ ላይ ተንጠባጠበ፤ እንደገና ዋጠ። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ቃሪያው ደረሰው። ዓይኑ ፈጠጠ፤ ፊቱ ተሰባሰበ፤ ከዚያ ክሊኒኩን ሙሉ የሚያነቃ ጩኸት ለቀቀ። ነርሷ ሮጣ መጣች።

አስቴር ሳቋን መያዝ አቃታት። ሳምቡሳውን ከእጁ ልትቀበለው ብትል እያለቀሰ እምቢ አላት፤ እያለቀሰ ገመጠ። ዶክተሯ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና፣ "በሉ ውሰዱት" አለች፣ "ቃሪያው ግን ለእሱ ገና ነው።"